የአንድ ኮከብ እንግዳ

የከሚሴ ሰው ስም ማውጣት ይችልበታል። ሙስዐብ ላፕቶፑንና አሮጌ ፕሪንተሩን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ በከፈተ በሦስተኛው ሳምንት «ስም አጣቢው» ተባለ። በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት «ድርጅትዎ በኢንተርኔት ሲፈለግ እንዲገኝ እንሠራለን» ነው የሚለው። ከተማው ግን ረጅም ነገር አይወድም፤ አሳጥሮ ጠራው።

«እኔ ስም አላጥብም» ይላል ለመጣው ሁሉ። «የደረጃ ኮከብ የሚሸጡ፣ የውሸት ምስጋና በጅምላ የሚጽፉ አሉ። እነሱ በሳምንት ውስጥ ወደ ላይ ያወጧችኋል፤ በወሩ ይነቃበትና ይረግፋል። እኔ ያላችሁን እውነት ነው የማሳየው። ቀስ ይላል፣ ግን አይነቀልም።» ግማሹ ሰው «አይ የኢንተርኔት ሼህ» ብሎ ስቆበት ይወጣል፤ ግማሹ ይቀመጣል።

እንዲህ እያለ ሌላውን ሲመክር ነው የገዛ ጽሑፉ እግር አውጥቶ ሱቁ የገባው።

የገበያ ቀን ነበር። ከጨፋ ሸለቆ የመጣው ማሽላና ከብት መንገዱን ሞልቶት አቧራው እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ሰማያዊ ሂጃብ ያደረገች ልጅ ደፉ ላይ ቆማ ሰላምታ ሰጠች።

«ወአለይኩም ሰላም። ኮቱ፣ ታኢ» አላት እንድትቀመጥ ወንበሩን እየጠረገ።

አልተቀመጠችም። «ስም የምታጥበው አንተ ነህ?»

«እንደዛ ይላሉ።»

«እንግዲያው ይሄን እጠብልኝ» ብላ ስልኳን ዘረጋችለት።

ስልኩ ላይ የተከፈተው የአባቷ ቤት ነው፤ በደሴ መንገድ ዳር ያለው፣ ስምንት ክፍል ያለው «ኡምኩልሱም የእንግዳ ማረፊያ»። ስሙን ማንም ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው አንድ ኮከብ ብቻ ነው። ከኮከቡ ሥር «የባቲው» በሚል ስም እንዲህ ተጽፏል፦ «ደጁን አንኳኳን። አንዲት ሴት ከፍታ አየችን፣ ቃል ሳትናገር ዘጋችብን። ውሃ እንኳ የለም። ሬሳ ያለበት ቤት ይመስላል። ሌላ ቦታ ሂዱ።»

ሙስዐብ አንድ ጊዜ አነበበው። ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለገውም፤ የጻፈው እሱ ነው።

ነገሩ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ከጓደኛው ከሙጂብ ጋር ወደ አገራቸው ባቲ ሲሄዱ አውቶቡሱ ከሚሴ ላይ ተበላሸ። ወንበር ላይ ተጣጥፈው አደሩና ጎህ ሲቀድ ውሃ ፍለጋ ወጡ። ያንኳኩት የመጀመሪያው ደጅ፣ መልክ በማይለይበት ድንግዝግዝ፣ እንደዚያ ተዘጋባቸው። የእሱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በሙጂብ ስልክ፣ በሙጂብ አካውንት ጻፈው። ጥርሱን እየነከሰ ጀምሮ እየሳቀ ጨረሰው። ብዙም ሳይቆይ ሙጂብ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ መንገድ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«ይጠፋል?» አለች ልጅቷ።

«የጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚያጠፋው» አለ። ይህ እውነት ነበር፤ አካውንቱ የሙጂብ ነው፣ ሙጂብም የለም።

«ኡምኩልሱም እናቴ ናት» አለች። «ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ነው የሞተችው። አባቴ ለመስጊድ ሊነግር ወጥቶ ነበር። ሬሳዋ ቤት ውስጥ ነበር።»

ሙስዐብ ዓይኑን ከስልኩ ማንሳት አቃተው። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ቀና ሲል ግን ዓይኗን አየው፤ ትልቅ፣ የደከመው፣ ከእሱ ተስፋ የሚጠብቅ ዓይን። ቃሉን መልሶ ዋጠው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች መዋጥ የመጣ ነው፤ ይህን የማወራው እኔ ለእሱ ይቅርታ የምፈልግለት ሰው አይደለሁም።

«ማጥፋት ባልችልም በሥራ እሸፍነዋለሁ» አላት። «ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ አለን። እንግዳ ነው የሌለን» አለች። ስሟም ረቢአ ነው።

በማግስቱ ቤቱን ሊያይ ሄደ። መጀመሪያ ያገኘው ጉድ የኢንተርኔት ካርታው ነው። ማረፊያው ካርታው ላይ የተተከለው ቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ማሽላ መሃል ነበር።

«ለካ!» አለች ረቢአ። «ባለፈው አንድ ሹፌር ደውሎ ‹ላሞች መሃል ነኝ፣ በራችሁ የት ነው?› ያለኝ ለዚህ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን በፊት ስትስቅ አላያትም ነበር። ምልክቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ አዛወረው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ እየመጣ ሁለት ወር ሠራ። ክፍሎቹን በቀን ብርሃን፣ ያለ ተውሶ ምንጣፍ ፎቶ አነሳ። የተሰነጠቀውን መስታወት ሳይቀር ፎቶ አነሳው፤ ረቢአ ተቆጣች፣ እሱ ግን «መስታወቱን ለውጡና እንደገና አነሳዋለሁ፤ እስከዚያ ግን እንዳለ ይታይ» አላት። ለሚወጣው እንግዳ የሚሰጥ ትንሽ ወረቀት አዘጋጀ፦ «የወደዳችሁትንም ያልወደዳችሁትንም ጻፉልን።»

«ያልወደዱትንም?» አለች።

«እሱ ከሌለበት ምስጋናውን ማን ያምናል?»

አየችው። «አንተ ቀጥተኛ ሰው ነህ» አለች። ሙስዐብ ካሜራውን የሚያስተካክል መስሎ ፊቱን አዞረ።

አባቷ ሼህ እንድሪስ ስለ ኮከብም ስለ ካርታም ግድ አልነበራቸውም። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመ አገር ነው፤ እንግዳ አላህ የላከው ቀን ይመጣል ባይ ናቸው። የሳቸው ጭንቀት ሌላ ነበር። አንድ ከሰዓት ሙስዐብን ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ጠርተው አስቀመጡት።

«ዘንድሮ ለሐጅ ተመዝግቤያለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። «ከመሄዴ በፊት የበደልኩትን ሁሉ አፉ ማስባል አለብኝ። ጎረቤቱን ዞርኩት። የተጣላሁትን ዓብዱን እንኳ ሄጄ አፉ አስባልኩት። አንድ ሰው ቀረኝ።»

«ማን ነው አባባ?»

«ያ የባቲው። ኡምኩልሱም በሕይወት እያለች ደጅ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ ጠፍቶ አያውቅም። ከደጄ አንድ ሰው ጠምቶት አይሂድ ትል ነበር። በሞተችበት ቀን ጠምቶት ሄደ። ሐቁ እኔ ላይ ነው።» አንገታቸውን ወደ ላፕቶፑ አሰገጉ። «በዚህ መሣሪያህ ሰውየውን ማግኘት አትችልም?»

«አልችልም አባባ» አለ ሙስዐብ። ይህኛው ውሸት ነበር።

ለረቢአ ግን አንድ መንገድ አሳያት። ከአስተያየቱ ሥር የቤቱ ባለቤት መልስ መጻፍ ይችላል። የላይኛው እስካለ መልሱ አብሮት ይኖራል፤ የላይኛው ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ሰውየው ካየው ያነበዋል» አላት።

«እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፈው» አለች። አጠገቡ ተቀመጠች፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትታ። እያሰበች፣ እየቆመች ነገረችው፣ እሱም ጻፈ፦

«ወንድማችን፣ እንኳን ደህና መጣህ ሳንልህ ሄድክ። ደጃችንን ያንኳኳህ ቀን የቤቱ እናት ያረፈችበት ነበር። በሩን የዘጋሁብህ እኔ ልጇ ነኝ፤ ቃል አጥቼ ነው። አፉ በለን። በዚህ መንገድ ካለፍክ ተመለስ፤ ደጃችን ላይ ውሃ አለ። ረቢአ።»

«አፉ በለን» ስትል እንባዋ ወረደ። «በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን አባቴ አያውቅም» አለች። «ቤት ውስጥ የሰማ ሰው ያልነበረ ይመስለዋል። እሱ አያነብም፤ የነገርኩት ደጁን አንኳኩቶ ጠምቶት የሄደ ሰው እንዳለ ብቻ ነው። ለሰው ስናገር አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ ሙስዐብ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት፣ ያኔ፣ እዚያው። «ላክ» የሚለውን ተጫነና ላፕቶፑን ዘጋ።

ክረምቱ ሲወጣ ገጹ መንገድ ያዘ። በደሴ መንገድ ማረፊያ የሚፈልግ ሰው ኡምኩልሱምን ከላይ ያገኛት ጀመር። አንዱ «መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ አልጋው ግን ንጹሕ» ብሎ አራት ኮከብ ሰጠ፤ ረቢአ ይህን ከአምስቱ ሁሉ አብልጣ ወደደችው። የባቲው ጽሑፍ ከሌላው ሥር ወርዶ ታች ሆነ። ግን አልጠፋም፤ ወደ ታች የወረደ ሰው ያገኘዋል።

ፍቅራቸውን ማንም አላወጀውም። እሱ ሲመጣ እሷ ግቢ ውስጥ ሥራ አይጠፋትም፤ እሱም ሥራውን ከጨረሰ ከወር በኋላ ገና ሥራ ነበረው። አንድ ቀን ኒሙ ሥር ተቀምጠው ሳለ ሳያያት ተናገረ።

«ባቲ ያሉትን አጎቴን ቶፊቅን ሽማግሌ አድርጌ ልልክ ነው።»

ረቢአ የሂጃቧን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አባቴ ሰው ሳይጠይቅ ልጅ አይሰጥም። ባቲ ድረስ ልኮ ያስጠይቃል።»

«ያስጠይቅ።»

«እኔ እንኳ ፈልጌሃለሁ» አለች ስልኳን እያሳየችው። «ስምህን ብጽፍ ብጽፍ ምንም አይወጣም። የሰው ስም ታወጣለህ፣ የራስህ የለህም።»

«ክፉ ነው ደግ?»

«ንጹሕ ነው» አለችና ፈገግ ብላ አየችው። ዓይኗንም ቶሎ አላነሳችም። ሙስዐብ በሕይወቱ እንደዚያ የተደሰተበትና እንደዚያ የፈራበት ሌላ ሰዓት የለም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ስምንት ቀን ሲቀር፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ሼህ እንድሪስን ደጁ ላይ አገኛቸው። እንስራውን ሞልተው ክዳኑን እያስተካከሉ ነበር።

«ነገ ስሜን ላሰርዝ ነው» አሉት።

«ከምን አባባ?»

«ከሐጁ። ሰውየው አልተገኘም። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም። ለሚቀጥለው ዓመት አላህ ያውቃል።» በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ቆመው ለመስገድ እየተቸገሩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይላሉ።

ሙስዐብ እንስራው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ የባቲው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ያልሰሙ መስሎት ደገመው። የአውቶቡሱን ነገር፣ የሙጂብን ስልክ፣ እየሳቀ የጨረሰውን ቃል፣ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ በሩ የተናገረው «ተዘጋ» ብቻ ነው፤ ማን እንደዘጋው አልነገራቸውም። ይህችን ያህል ጠብቆላታል።

ሼህ እንድሪስ ጣሳውን አነሱ፣ ከእንስራው ቀዱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡለት።

«ቢሻን ዱጊ» አሉት።

«አባባ፣ አፉ በሉኝ እንጂ እኔ…»

«እሱ በኋላ። መጀመሪያ ውሃውን ጠጣ። ሦስት ዓመት ቆይቶሃል።»

ጠጣ። አንድም ጠብታ አላስቀረም። ሽማግሌው ባዶውን ጣሳ ተቀበሉና እጁን ያዙ። «ከደጄ ጠምቶህ ሄደሃል፤ አፉ በለኝ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«እኔም አፉ ብዬሃለሁ፤ ለአላህ ብዬ። አልሐምዱሊላህ።» ፊታቸው ላይ የወረደው እፎይታ ነበር። ወዲያው ግን ከሙስዐብ ትከሻ በላይ ተመለከቱ።

ሙስዐብ ዞረ። ረቢአ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቀም፤ ፊቷ ግን ሁሉንም እንደሰማ ይናገራል። አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ቃል ሳትናገር በሩን ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ መጣች። ያው ሰማያዊ ሂጃብ፣ ያው ደፍ።

«ተቀመጪ» አላት።

«አልቀመጥም። አባቴ አፉ ብሎሃል፤ እኔም ብያለሁ። ቂም ይዤ አላድርም።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹ…»

«አይምጡ።»

ከውጭ የባጃጅ ጩኸት አለፈ። ረቢአ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ምክንያቱ የጻፍከው አይደለም» አለች። «ስትጽፈው አላወቅክም፤ በጠዋት የጠማው ሰው ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ‹አፉ በለን› ስል እጅህን እያየሁ ነበር። ጣትህ እንኳ አልቆመም።»

«ፈርቼ ነው ረቢአ። እንዳላጣሽ።»

«አውቃለሁ። እኔም በሩን የዘጋሁት ፈርቼ ነው። ግን ነገርኩህ።»

ሙስዐብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «እወድሻለሁ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አፍ አውጥቶ ያለው።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች። «የከፋው እሱ ነው። ባገባህ ዝም ባልክ ቁጥር ምን ደብቆ ይሆን እያልኩ ስመረምርህ ልኖር ነው። እንደዚያ አድርጌ ላቃጥልህም ልቃጠልም አልፈልግም።»

ልትወጣ ብላ ደፉ ላይ ቆመች። «ጓደኛህ ከተገኘ ያንን ጽሑፍ አጥፋልኝ። የእናቴ ስም ከሬሳ ጋር አይኑር።»

«ቃሌ ነው።»

አንገቷን ነቀነቀችና ገበያው ውስጥ ገባች። ሰማያዊው ሂጃብ ከጨፋ ሮቢት በመጡት ግመሎችና ሰዎች መሃል እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አየ።

ሼህ እንድሪስ ሐጃቸውን አደረጉ። ሙስዐብ ሱቁን ዘግቶ ወደ ባቲ ተመለሰ፤ የከሚሴ ሰውም በሳምንቱ ሌላ ሰው ላይ ስም አወጣ። ባቲ ላይ ያንኑ ሥራ ያዘ። የሰኞ ገበያ ነጋዴዎች ሲመጡ ቀስ ይላል ግን አይነቀልም ማለቱን ትቷል። በየጠዋቱ አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል፤ ኡምኩልሱም የእንግዳ ማረፊያ ብሎ ይፈልግና እስከ ታች ይወርዳል። «በዚህ መንገድ ካለፍክ ተመለስ» ይላል መልሷ። ረቢአ መልሱን ማጥፋት ትችላለች፤ እንዴት እንደሚጠፋ ያስተማራት እሱ ነው። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ አላጠፋችውም። ያቺን አንዲት መስመር እያየ ብቻውን ይኖራል። ብዙ ጊዜ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። መልሱን የጻፈችው የባቲው እሱ መሆኑን ሳታውቅ ነውና፣ ተመለስ የተባለው እሱ መሆን አለመሆኑን እርግጠኛ መሆን አቃተው።

በሁለተኛው ዓመት ሙጂብ ከሳውዲ እስር ተጠርዞ ተመለሰ። ግማሹን ሰውነቱን እዚያ ጥሎ የመጣ ይመስላል። ስልኩን የመን ላይ ተቀምቶ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ግን የእናቱ ስም ስለሆነ አልረሳውም። በሙስዐብ ስልክ ከፈቱት።

«ይቺን ቤት አውቃታለሁ እኮ» አለ ሙጂብ ጽሑፉን ሲያይ። «ዛሬ ስመጣ አውቶቡሱ እፊቷ ቆሞ ነበር። ደጁ ላይ ለመንገደኛ የተቀመጠ ውሃ አለ፤ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ድንኳን ይተክሉ ነበር።»

«ምን ድንኳን?»

«የሠርግ። የሐጂ እንድሪስ ልጅ ናት አሉ፤ እሑድ ኒካሗ ነው። ምነው?»

ሙስዐብ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«እና ላጥፋው?» አለ ሙጂብ። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። «ግን እየው፣ ከሥሩ ሰው መልስ ጽፎልናል። ‹ተመለስ፣ ደጃችን ላይ ውሃ አለ› ይላል። ይሄም አብሮ ይጠፋል?»

«አዎ።»

«ፎቶ አንስተህ አታስቀረውም?»

«የሰው ሚስት ልትሆን ነው» አለ ሙስዐብ። «ስጠኝ፣ እኔ ላጥፋው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መልሷን አንድ ጊዜ ብቻ አነበበ፣ ከ«ወንድማችን» እስከ «ረቢአ»። ከዚያ ተጫነው። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አለ።

እሑድ ጠዋት፣ ከሚሴ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሞላ፣ ረቢአ ሂና የተቀባ እጇን እየተጠነቀቀች ስልኳን ከፈተች። በየጠዋቱ የምትከፍተው ገጽ ነው። እስከ ታች ወረደች፤ ምስጋናው ሁሉ አለ፣ የተሰነጠቀው መስታወትም አለ። ከዚያ በታች ምንም አልነበረም። እንደገና ከላይ ጀምራ ወረደች።

«ሙሽራዋ፣ ነይ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሏት ሴቶቹ።

«መጣሁ» አለች። ስልኩን ትራሱ ሥር አስቀምጣ ተነሳች።